ፎቶ ከመስቀል ባለፈ፦ አንድ የደብረ ብርሃን ጋራዥ የቶዮታን መሥራች ያሰበበት መንገድ

ጉዳዩ ለምን ይመዝገብ

ሥራዬ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ነው። በሰሜን ሸዋ ያሉ ጋራዦችንና የብረታ ብረት ቤቶችን እየዞርኩ እደግፋለሁ። ድጋፉ በአብዛኛው የሚሰጠው በካይዘን፣ ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ በማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ ስም ነው። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱን «ማ»ዎች ያልሰማ ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ሰልጣኞች ይፈተኑባቸዋል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ ከዚያ ሥራው እንደነበረው ይቀጥላል። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል። ከእነዚህ አሠራሮች ጀርባ ሰዎች አሉ፤ መኪናቸው መንገድ ላይ የተሰበረባቸው፣ ሊከስሩ የደረሱ፣ እጃቸው ግሪስ የለመደ ሰዎች።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ባለጋራዥ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን፣ የቶዮታ ሞተር ኩባንያን መሥራች ኪኢቺሮ ቶዮዳን፣ በራሳቸው ወጪ ለማሰብ ተነሱ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከቢሮ ሳይሆን ከጋራዥ ሲመጣ ብዙም አላየሁም። እንዴት እንደተጀመረ፣ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ እዚህ አስቀምጫለሁ። የሰዎቹንም የጋራዡንም ስም ትቻለሁ።

ጋራዡና መንገዱ

ጋራዡ ያለው ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱ ስልሳን አልፈዋል። ሠራተኛውም ደንበኛውም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ሙያውን የጀመሩት ቡሎን በናፍጣ በማጠብ ነው። ሦስት ነባር መካኒኮች፣ አንድ ኤሌክትሪሽያን እና ከኮሌጅ ለትብብር ሥልጠና የሚመጡ ልጆች አብረዋቸው ይሠራሉ። የሚገባው መኪና በብዛት ቶዮታ ነው፦ ሃይኤስ ሚኒባስ፣ ሃይሉክስ፣ አሮጌ ኮሮላ፣ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር። አይሱዙም አይጠፋም።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል፤ ጉዳዩ ያለ መንገዱ አይገባምና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ደሴ ሲኬድ መንገዱ መጀመሪያ ወደ ጣርማበር ይወጣል። እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን ዋሻ ያልፍና ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይጠመዘዛል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠዋት ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሰው እዚያ ሲወርድ በሸሚዝ ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ጉሙም ብዙ ጊዜ አይለቅም፣ ሚኒባሱ ደግሞ ሙሉ ነው። እዚህ መንገድ ላይ ፍሬን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሰውየው ማን ነበር

ነገሩን የጀመረው አንድ ሰልጣኝ ነው። ስለ ኪኢቺሮ ለኮሌጁ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ሻይ ሰዓት ላይ ለጋሼ አነበበላቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚህን ሰው መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል፤ ስለ ሰውየው ግን ምንም ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ቀን በኋላ ታሪኩን ሳይሰማ ከጋራዡ የሚወጣ ደንበኛ አልነበረም።

ኪኢቺሮ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1894 ጃፓን ውስጥ ነው። አባቱ ሳኪቺ የሽመና ማሽን ፈልሳፊ ነበር። ከሳኪቺ ሥራዎች በጣም የሚታወቀው ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም ማሽን ነው። ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ ዝም ብሎ ከቀጠለ የሚወጣው ብላሽ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ይቆማል፣ ሰው መጥቶ ክሩን ይቀጥላል፣ ሥራው ይቀጥላል። ልጁ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና ተምሮ ከአባቱ ጋር ሠራ። በ1924 የወጣው «ዓይነት ጂ» የተባለው አውቶማቲክ የሽመና ማሽን የሁለቱም ድካም ነው።

በ1933 በሽመና ማሽን ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል ተከፈተ። ኪኢቺሮ የአሜሪካ መኪና ፈታትቶ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አጠና። የመጀመሪያው ሞተር በ1934 ተሠራ፣ የመጀመሪያው የሙከራ የቤት መኪና በ1935። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጂ1 የሚባል የጭነት መኪና ገበያ ወጣ። ጂ1 ጥሩ መኪና አልነበረም። ይህን ሰልጣኞች ፊት ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ዛሬ «ቶዮታ አይሰበርም» ሲባል ያደገ ልጅ መነሻውን ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። አክስሉ ይሰበር ነበር። ለምርቃቱ ወደ ቶኪዮ ሲጓዙ እንኳን የአንዱ መኪና መሪ መንገድ ላይ ተሰብሯል። ኪኢቺሮና ባልደረቦቹ የተሰበረውን ክፍል ይዘው ተመለሱ፣ ለምን እንደተሰበረ ፈለጉ፣ ቀጣዩን አሻሻሉ። ቶዮታ ሞተር ራሱን የቻለ ኩባንያ የሆነው ከዚህ በኋላ፣ በ1937 ነው።

ጋሼ የሚወዱት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ኪኢቺሮ ፋብሪካው ውስጥ ሲያልፍ አንድ ሠራተኛ ማሽኑ አልሠራ ብሎት ራሱን እያከከ ቆሞ አገኘው ይባላል። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ዘይት መያዣው ውስጥ ከተተና እፍኝ ሙሉ ዝቃጭ አወጣ። እጅህን ሳታቆሽሽ ሥራ እንዴት ይሠራል ብሎ ጠየቀ ይባላል። «ይሄ የእኛ ሰው ነው» አሉ ጋሼ።

መጨረሻው ደግሞ ያሳዝናል። ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን ኢኮኖሚ ሲጨናነቅ ኩባንያው ሊከስር ደረሰ። ሠራተኛ ላለማሰናበት ሲታገል የነበረው ኪኢቺሮ በ1950 ኩባንያው 1,600 ሠራተኞች በፈቃዳቸው እንዲለቁ ለመጠየቅ ሲገደድ ኃላፊነቱን ወስዶ ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪያ ጦርነት የመኪና ትእዛዝ አምጥቶ ኩባንያውን አዳነው። እሱ ግን ወደ ቦታው ሳይመለስ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 18 ቀን 1944 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1952) በ57 ዓመቱ አረፈ።

ጋሼ ያቺን ቀን ያዟት። «ሙት ዓመቱን እኛ እናስበው» አሉ።

ችግሩ

በዚያ ሰሞን ጋራዡ ውስጥ ተመላሽ ሥራ በዝቶ ነበር። የተሠራ መኪና በዚያው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ጋሼ የሚያውቁት ግን በስሜት ነው፤ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ነገሩን ያፈነዳው አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ፍሬን ሸራ አስቀይሮ በሄደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንፍሎ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰው ጭኜ እኮ ነው! ጣርማበርን ስወርድ ፔዳሉ ወለል ነካ። በማርሽና በእጅ ፍሬን ነው ያቆምኩት።»

መኪናው ተሞከረ። ፔዳሉ ጠንካራ ነው። ግቢ ውስጥ ነዱት፣ ይይዛል። ሸራውን የገጠመው ነባር መካኒክ «ምንም የለበትም» አለ። ሹፌሩ እየተሳደበ ሄደ። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ለጋሼ ያ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረም።

በማግስቱ ነው እኔን የጠሩኝ። የጠሩኝ ስለ ፍሬኑ አልነበረም፤ ለመጋቢት 18 ዝግጅት ባነርና ፕሮግራም እንዳወጣላቸው ነው። የፍሬኑን ነገር ያወሩኝ በጎን ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ወዲያው ታየኝ።

መጀመሪያ የታሰበው መታሰቢያ

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። በር ላይ ትልቅ የቶዮታ ምልክት ይሳላል። የኪኢቺሮ ፎቶ ይሰቀላል። በግ ይታረዳል። ከኮሌጅና ከከተማው ሰው ይጠራል፣ ንግግር ይደረጋል።

ምልክቱን ወዲያው አስቀረነው። የኩባንያ የንግድ ምልክት ያለ ፈቃድ በር ላይ መሳል በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ያስጠይቃል። ደንበኛም ሕጋዊ ወኪል ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ብዙ ጋራዦች ይህን ስለማያውቁ ነው የሚሥሉት፤ ማወቅ ይጠቅማል።

ስለ ቀሪው ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን አወራን። ሰውየው የሚታወቀው መኪናው ሲሰበር ባደረገው ነገር ነው፤ የእኛም መኪና ተሰብሮ ተመልሷል፤ ድግሱ ይቆየንና በመጀመሪያ እሱ ቢሆን የሚያደርገውን እናድርግ አልኳቸው። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ሹፌሩን ጥሩት» አሉ።

ወርዶ ማየት

ጋሼ ራሳቸው ከሚኒባሱ ጋቢና ተቀምጠው ከጣርማበር እስከ ደብረ ሲና ወረዱ። ወደ ደንበኛ መኪና ገብተው እንዲህ መንገድ ከወጡ ዓመታት ሆኗቸው ነበር።

ያዩት ብዙ ነው። ሹፌሩ ቁልቁለቱን የሚወርደው በፎሌ ነው። ማርሹን አውጥቶ መኪናውን ይለቀዋል፣ ፍጥነቱን በፍሬን ብቻ ይይዛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው አለ። ግማሽ መንገድ ላይ የሸራ ሽታ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ፔዳሉ መላላት ጀመረ። ቆሙ። መኪናው ቀዝቅዞ ሲረገጥ ፔዳሉ ተመልሶ ጠነከረ።

ጋራዡ ለምን ጥፋት እንዳላገኘ እዚህ ግልጽ ሆነ። የሚሞከረው ቀዝቃዛ ፍሬን ነበር፣ ያውም በሜዳ ላይ።

ተመልሰው ፍሬን ዘይቱን ከፈቱት። ቡናማ ሆኗል። ፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ በፎሌ የሚረገጥ ፍሬን ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ፈሳሽ አይደለም፣ ይጨመቃል፤ እግርህ የሚጨምቀው እሱን ነው፣ ሸራው ጋ የሚደርስ ኃይል የለም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽ ይመለሳል። ጠዋት «ምንም የለበትም» ይባላል።

የፎሌው ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ኢንጀክሽን ያለው መኪና በማርሽ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳና ቁልቁለቱ ሞተሩን ሲያዞረው፣ መቆጣጠሪያው ነዳጁን ይዘጋል። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በእነዚህ መኪኖች ፎሌ ነዳጅ አይቆጥብም። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ አላመነም። ብዙዎች አያምኑም።

ከዚያ ጋራዡ ውስጥ «ለምን» መጠየቅ ጀመርን። አንድ ችግር ሲገጥም ለምን እያሉ አምስት ጊዜ ያህል መውረድ ቶዮታ ውስጥ የተለመደ ነው፤ መነሻው ወደ ሳኪቺ ይመለሳል ይባላል፣ በፋብሪካው ያስፋፋው ግን ታይቺ ኦኖ የሚባለው መሐንዲስ ነው። ፔዳሉ ለምን ወረደ? ዘይቱ ስለፈላ። ለምን ፈላ? ስላረጀና ውሃ ስለገባበት። ለምን አልተቀየረም? ሲጎድል ይሞላል እንጂ መቀየር ልማድ ስላልሆነ። ሸራ ሲቀየር ለምን አልታየም? እዚህ ላይ አንዱ ሰልጣኝ አንገቱን ደፋ።

«አይቼው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «መጥቆሩን አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

መልስ አልሰጠም። መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ሥራውን የዘጋው ታላቁ ነው። ታላቅ የዘጋውን ሥራ ታናሽ አይከፍትም።

ቀይ ጨርቅ

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘይት መቀየር ቀላል ነው። ልጁ እንዲናገር ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

የሳኪቺ ማሽን ክር ሲበጠስ የሚቆመው ማንንም ሳያፍር ነው። ጋሼ ይህን ወደ ጋራዡ ለማምጣት አንድ ደንብ አወጡ። ማንኛውም ሠራተኛ፣ ሰልጣኝም ቢሆን፣ አንድ ነገር ካሳሰበው የመኪናው መሪ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ጨርቁ እስኪፈታ ቁልፉ ለባለቤቱ አይሰጥም። ደንቡ ተነገረ፣ ሁሉም ጥሩ ነው አለ።

ማንም አላሰረም። ለሳምንታት ጨርቁ በሚስማሩ ላይ ንጹሕ ሆኖ ተሰቅሎ ቆየ። ልጆቹን ለብቻ ሳናግራቸው ነገሩ ግልጽ ነበር። ጨርቅ ማሰር ማለት ያስተማረህን ሰው በደንበኛ ፊት ማሳፈር ነው። ባለጌ ያስብላል። እኔ እንኳን በነሱ ዕድሜ ብሆን አላስርም።

ሦስት ነገሮች ተቀየሩ። አንደኛ፣ ጋሼ ራሳቸው በሠሩት ሃይሉክስ ላይ የአንዱን ጎማ ቡሎኖች እንደገና አለማጥበቃቸው ትዝ ሲላቸው በሁሉም ፊት ጨርቁን በራሳቸው ሥራ ላይ አሰሩት። ደንበኛውም ቆሞ ያይ ነበር። «እኔም አስሬያለሁ» አሉ፣ ሌላ ንግግር አልጨመሩም። ሁለተኛ፣ ጨርቅ ያሰረ ሰው እዚያው እንዲያስረዳ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ሁለት ሰዎች መኪናውን ያያሉ፣ ወሬው ከዚያ በኋላ ነው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሦስተኛው ነው፤ ሐሳቡም የኤሌክትሪሽያኑ ነው። የመጨረሻው ፍተሻ የሰልጣኙ ሥራ ሆነ። በካርቶን ላይ የተጻፈ ዝርዝር አለ፦ የፍሬን ዘይት ቀለምና መጠን፣ የጎማ ቡሎን፣ የእጅ ፍሬን፣ የዘይት መንጠባጠብ፣ መብራት። ሰልጣኙ አይቶ ካልፈረመ መኪናው አይወጣም። ጥፋት አይቶ ዝም ካለ አሁን ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ቀድሞ ድፍረት የነበረው ግዴታ ሆነ፤ ታላቁን የሚያሳፍረውም መናገሩ መሆኑ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ጨርቁ መቆሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ የታሰረው ያላለቀ የመሪ ሥራ ላይ ነው፤ ቡሎኑ ገብቷል፣ ግን አልጠበቀም። ያ መኪና ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሊሄድ ነበር።

ዋጋም ተከፍሎበታል። ያ «ምንም የለበትም» ያለው ነባር መካኒክ ነገሩ አልተዋጠለትም። ሸራውን በትክክል ነበር የገጠመው፤ ሥራው ጥሩ ነው። ልጅ በእጁ ሥራ ላይ ፈራሚ መሆኑ ከበደውና ሌላ ጋራዥ ሄደ። ጋሼ ብዙ ለመኑት። እንደ እሱ ያለ ባለሙያ ማጣት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዛሬም ሲያነሱት ያዝናሉ። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ከእሱ ጋር ለብቻ ቢወራ፣ ፍተሻውን ራሱ እንዲያስተምር ቢደረግ፣ ምናልባት ይቆይ ነበር።

ያልሠራው

ኪኢቺሮ የሚታወቅበት ሌላው ሐሳብ የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ማምጣት ነው። መጋዘን ሙሉ ዕቃ የተኛ ገንዘብ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። መደርደሪያው ላይ የተከማቸውን መለዋወጫ ሸጡ፣ ዕቃ ሲያስፈልግ አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ እየደወሉ ማስመጣት ጀመሩ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ተደውሎ ከሰዓት ይደርሳል ተባለ።

ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ከዚያ ተበላሸ። አንድ ሰሞን መንገድ ተዘጋ። ሌላ ጊዜ ዕቃው ጠፋ፣ ሲገኝ ዋጋው ሌላ ሆኗል። መኪኖች ግቢ ውስጥ ቆሙ፣ የቆመ ሚኒባስ ደግሞ ለባለቤቱ የቀን ገቢ የለውም። ሹፌሮች አጉረመረሙ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የሐሳቡ አይደለም። ሐሳቡ የሚቆመው አቅራቢው ሲታመን ነው። ኪኢቺሮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1938 በተከፈተው የኮሮሞ ፋብሪካ ጀምሮት የጦርነቱ ኢኮኖሚ ቁሳቁስን ሲቆጣጠር ተቋርጧል፤ ኦኖ ነው ከጦርነቱ በኋላ ያነሳው። ቶዮታም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አቅራቢዎቹ ኤሌክትሮኒክ ቺፖችን ለወራት በሚበቃ መጠን እንዲያስቀምጡ አድርጓል። ስለዚህ ጋራዡ ዕቃውን ለሁለት ከፈለ። ፍሬን ሸራ፣ ፍሬን ዘይት፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ ይኖራሉ፤ ሲቀንሱ የሚታዘዝበት መስመር በቀለም ተሠምሯል። ሞተር ውስጥ የሚገቡ ውድ ዕቃዎች ግን ሲያስፈልጉ ብቻ ይመጣሉ።

ሌላም ያልሠራ አለ። የተመላሽ ሥራ መዝገብ መጀመሪያ በኮምፒውተር እንዲያዝ ሞክሬ ነበር። መብራት ይጠፋል፣ እጅ በዘይት ነው፣ ማንም አልነካውም። አሁን በገመድ የተንጠለጠለ ደብተርና እርሳስ ነው። ታርጋ፣ ችግር፣ ማን ሠራው፣ ለምን ተመለሰ። ይህ ተይዟል። የማን ጥፋት እንደሆነ የሚል ዓምድ ነበረው፤ እሱን አስወጥተን «ለምን»ን ብቻ ስንተው ነው መጻፍ የጀመሩት።

የእኛስ ሰው?

መጋቢት 18 ሲቃረብ አንድ አዛውንት ደንበኛ ጋሼን ጠየቋቸው። «ለጃፓኑ ጥሩ ነው። አንተን ያስተማረህን ሰውዬ ግን ማን አሰበው?»

ጋሼን ያስተማሩት ሰው የጣሊያን የጭነት መኪኖች ገና መንገዱን በሚመላለሱበት ዘመን ሙያ የለመዱ መካኒክ ነበሩ። ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አድርገው እጀታውን ጆሯቸው ላይ በመደገፍ የትኛው ኩሽኔታ እንደሄደ ይለዩ ነበር። ያን ጊዜ ሥራውን የተማረ ሁሉ ያስታውሳቸዋል፤ ፎቶ ግን የለም፣ የተጻፈም የለም።

ጥያቄው ዝግጅቱን ቀየረው። በዕለቱ የበጉ ነገር ቀርቶ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሻይ ተፈላ። ንግግር አልነበረም ማለት ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ የተቃጠለ ሸራ፣ የተሰነጠቀ ታምቡር፣ በአንድ ብርጭቆ አዲስ ፍሬን ዘይት በሌላው ከዚያ ሚኒባስ የወጣው ቡናማ ዘይት ተቀመጡ። ሰልጣኙ የኪኢቺሮን ታሪክ ከጂ1 መሰበር ጀምሮ ተረከ። ቀጥሎ ጋሼ ስለ መምህራቸው አወሩ። ከኮሌጁ የመጡ ልጆች ቀረጹት፤ ካቻቢቴውን ጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥንም እዚያው በተነሳ ሞተር ላይ ተለማመዱ። ግድግዳው ላይ አሁን ሁለት ሥዕሎች አሉ፤ የኪኢቺሮና ከትዝታ የተሣለው የአዛውንቱ መካኒክ።

ለሌላ ጋራዥ የሚሆነው

አብዛኛው ነገር ወጪ የለውም። ቀይ ጨርቅ፣ ካርቶን፣ ደብተር። ከባዱ ባለቤቱ በራሱ ሥራ ላይ መጀመሪያ ማሰሩ ነው። እሱ ካልቀደመ ሌላው አያስርም፤ ይህን በሌሎች ጋራዦችም አይቻለሁ።

የመጨረሻውን ፍተሻ ለታናሹ መስጠት በእኛ አገር በተለይ ይሠራል ብዬ አስባለሁ። ለታላቅ ያለንን አክብሮት አንነካም፤ መናገርን የሥራ ድርሻ እናደርገዋለን። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ነባሮቹን አናግሩ፤ ፍተሻውን እነሱ ያስተምሩት።

ፍሬን ስትሞክሩ አሙቃችሁ ሞክሩ። ቁልቁለት አካባቢ ያለ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ረግጦ «ይይዛል» ማለት አይበቃውም። የዘይቱን ቀለም ማየት ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ቀለም ብቻ ውሃ መኖሩን አያሳይም፤ እርጥበት መለኪያ ካለ እሱ ይሻላል፣ ከሌለ በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር። ዶት 4 ሲሆን ደረቅ መፍያው ቢያንስ 230፣ እርጥቡ 155 ዲግሪ ነው፤ የመኪናው መመሪያ ከፈቀደ ለዚህ መንገድ እሱ ይመረጣል።

ዕቃ አነስተኛ ማድረግን ግን በደፈናው አትኮርጁ። አቅራቢያችሁ ምን ያህል እንደሚታመን መጀመሪያ በደብተር ላይ ቁጠሩ።

አሁን ያለበት ደረጃ

ተመላሽ ሥራ አልጠፋም፤ ደብተሩ ላይ ግን የፍሬን ገጹ ሳስቷል። አንዳንድ ደንበኞች ፍተሻው ጊዜ ይወስዳል ብለው ወደሌላ ጋራዥ ሄደዋል። ያ የተናደደው ሹፌር ተመልሷል፤ አሁን ጣርማበርን በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወርደው። ጓደኞቹን ማሳመን ግን አልቻለም። ጋሼ ከሹፌሮች ማኅበር ጋር ስለ ፎሌ ለመነጋገር ቀጠሮ ይዘዋል፤ አንድ ሚኒባስ ላይ የነዳጅ ፍጆታ መከታተያ አስገጥመው ቁልቁለቱን አንዴ በፎሌ፣ አንዴ በማርሽ ወርዶ ቁጥሩን ለማሳየት ነው ያሰቡት። መሣሪያውን ከኮሌጁ ለመዋስ ደብዳቤ ጽፈናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።